የማይሆንና የማይቻል

በቋንቋችን «አይቻልም» የሚለውን ቃል ያህል ብዙ ጭነት የተጫነበት ቃል ጥቂት ነው። ዳኛ በችሎት ተቀምጦ ሕግ የከለከለውን ነገር «አይቻልም» ይላል። መንገደኛ በክረምት ጎጀብ ሞልቶ ሲያገኘው ከዳር ቆሞ «መሻገር አይቻልም» ይላል። የሒሳብ መምህር «ሦስት ጎን ብቻ ያለው አራት ማዕዘን መሣል አይቻልም» ብሎ ያስተምራል። የመንደር ሽማግሌም ከልማድ የወጣ ጋብቻ ሲሰማ ራሱን ነቅንቆ «ይህስ ከቶ አይቻልም» ይላል። ቃሉ ለአራቱም አንድ ነው፤ ነገሩ ግን አንድ አይደለም። ዳኛው የከለከለው ሊደረግ የሚችለውን ነው፤ ሊደረግ የማይችለውን ለመከልከል ሕግ ማውጣት ምን ያስፈልጋል? መንገደኛውን የከለከለው የውኃው ኃይል ነው፤ ድልድይ በተሠራ ጊዜ ያው ሰው ጫማው ሳይርስ ይሻገራል። መምህሩ የተናገረውን ግን ድልድይም ሕግም ዘመንም አይለውጠውም። የሽማግሌውን ቃል ከእነዚህ ከየትኛው ጋራ እንደምንቈጥረው ወደ ጽሑፋችን ፍጻሜ ስንደርስ እናየዋለን።

ፈላስፎች ከጥንት ጀምረው ይህን ነገር በሁለት ወገን ከፍለው ያዩታል። አንደኛው እርስ በርሱ የሚፋረስ ነገር ነው፤ ይኸውም በአንዱ ቃል ተሰጥቶ በሌላው ቃል የሚነጠቅ ማለት ነው። ሎጂክ የተባለው የአስተሳሰብ ሥርዓት ትምህርት የሚያግደው ይህን ነው። ሁለተኛው በሐሳብ ሲመረመር ምንም መፋረስ የማይገኝበት፣ ነገር ግን የፍጥረት ሥርዓት የማይፈቅደው ነው። ለዚህ ጽሑፍ ያህል የፊተኛውን «የማይሆን»፣ የኋለኛውን «የማይቻል» ብለን እንለያቸው። መሆን የነገሩ የራሱ ጉዳይ ነው፤ መቻል ግን የኃይልና የሥርዓት ጉዳይ ነው። ቋንቋችን ይህን መለያ አዘጋጅቶልን ሳንጠቀምበት የቈየን ይመስላል።

ምሳሌውን ከከፋ ምድር እንውሰድ። በቦንጋ ዙሪያ ባለው ደን ውስጥ ቡና ሰው ሳይተክለው ከትልልቁ ዛፍ ጥላ ሥር ይበቅላል፤ ይህም ምድር በ2010 (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱ ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር ናቸው) በዩኔስኮ ዘንድ የባዮስፌር ክልል ተብሎ ተመዝግቧል። ከዚህ ደን አንድ የቡና ችግኝ ነቅሎ ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በራስ ዳሸን ጫፍ የሚተክል ሰው ቢኖር፣ ችግኙ ፍሬ መስጠት ይቅርና ከውርጩ የተነሣ አይሰነብትም። ይህ የማይቻል ነው። ነገር ግን «በራስ ዳሸን ጫፍ ቡና አፈራ» የሚለውን ቃል የሚሰማ ሰው የተባለው ነገር ይገባዋል፤ በሐሳቡም ሊሥለው ይችላል፤ ሐሰት መሆኑን የሚያውቀው ስለ ቡናና ስለ ውርጭ አስቀድሞ የተማረው ነገር ስላለ ነው። እንግዲህ ሌላ ሰው መጥቶ «በዚህ ደን ከራሱ ቁመት የሚረዝም ዛፍ አለ» ቢለን ምን እናደርጋለን? ገመድ ይዘን ለመለካት ወደ ደኑ አንወርድም። ስለ ዛፍ፣ ስለ አፈርና ስለ ዝናብ ምንም የማያውቅ ሰው እንኳ ከተቀመጠበት ሳይነሣ ነገሩ እንደማይሆን ያውቃል። እንዲያውም ሐሰት ማለትም ይበዛበታል፤ ሰውዬው የነገረን ነገር የለምና። አፉ ተንቀሳቅሷል፤ ቃላቱም አማርኛ ናቸው፤ የፊተኛው ቃል የሰጠንን ግን የኋለኛው መልሶ ወስዶታል።

ይህን ልዩነት አጥብቀው ከመረመሩት አንዱ በ1111 ያረፈው የእስላም ሊቅ አል ጋዛሊ ነው። እሳት ጥጥን ሲነካ ጥጡ ሁልጊዜ ሲቃጠል አይተናል እንጂ አለመቃጠሉ እርስ በርሱ የሚፋረስ ነገር አይደለም ብሎ አስተማረ። ከእርሱ ከስድስት መቶ ዓመት በኋላ የስኮትላንዱ ፈላስፋ ዴቪድ ሂዩም በ1748 ባሳተመው መጽሐፍ ፀሐይ ነገ አትወጣም የሚለው ቃል ምንም መፋረስ እንደሌለበት ጻፈ። ከአንዱ ምንጭ ሁለት ወንዝ ወጣ፤ ጋዛሊ በዚህ ነገር ለተአምር በር ሲከፍት፣ ሂዩም ደግሞ በዚያው መጽሐፍ ውስጥ ተአምርን የሚነቅፍ ምዕራፍ ጨመረ። በታኅሣሥ 19 ቀን የሠለስቱን ደቂቅ ታሪክ ሰምቶ የሚያከብር የእኛ ምእመን ስሙን ባይሰማውም ከጋዛሊ ጋራ የሚስማማ ነው። የባቢሎን እሳት ብላቴኖቹን አላቃጠለም ሲባል የፍጥረት ሥርዓት ለጊዜው ተገታ ማለት ነው እንጂ «እሳቱ አቃጠላቸው፤ አላቃጠላቸውምም» ማለት አይደለም።

ልዩነቱ ሁልጊዜ እንዲህ ግልጥ ቢሆን የሚያከራክር ነገር ባልኖረም ነበር። ችግሩ፣ ያልለመድነውን ነገር ሁሉ «ይህ እርስ በርሱ የሚፋረስ ነው» ለማለት መቸኰላችን ነው። ከቦንጋ ወጣ ብሎ የእግዜር ድልድይ የሚባል፣ ተፈጥሮ ራሷ በውኃ ላይ ያጋደመችው ድልድይ አለ። ግንበኛ የለውም። «ግንበኛ የሌለው ድልድይ» የሚለውን ቃል በሩቅ አገር ሆኖ የሰማ ሰው «ልጅ የሌለው አባት» እንደ ማለት ሊቈጥረው ይችላል። ድልድይ ማለት ሰው ለመሻገሪያ የሠራው ነገር ማለት ከሆነ እውነቱን ነው። ድልድይ ማለት ከወዲህ ዳር ወደ ወዲያ ዳር የሚያሻግር ነገር ማለት ከሆነ ግን በቃሉ ውስጥ ምንም መፋረስ የለም። ስለዚህ ክርክሩን የሚጨርሰው ወደ ወንዙ መውረድ ብቻ አይደለም፤ አስቀድሞ ድልድይ ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ መስማማት ያስፈልጋል።

ከዚህ የበለጠ የሚያስደንቀው የቡናው ነገር ነው። ቡና ጠጪ ሁሉ እንደሚያውቀው ቡና እንቅልፍ ያባርራል። ይህን ሥራ የሚሠራው ካፌይን የተባለው ንጥረ ነገር ነው፤ እርሱንም በ1819 ገደማ ጀርመናዊው ኬሚስት ፍሪድሊብ ሩንገ ከቡና ፍሬ ለይቶ አወጣው። ስሙ የወጣው ከቡና ስም ነው፤ የኤውሮጳ ቋንቋዎች ቡናን ካፌ፣ ኮፊ እያሉ ይጠሩታልና። (ይህን ስም ከከፋ አገር ስም የመጣ ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ ከዓረብኛው ቀህዋ የመጣ ነው የሚሉም አሉ፤ ከፋዎች ራሳቸው ግን ቡናን በቋንቋቸው ቡኖ ይሉታል።) እንግዲህ በእነዚያ ቋንቋዎች «ካፌይን የሌለው ካፌ» ማለት ለጆሮ «ጨውነት የሌለው ጨው» እንደ ማለት ይሰማል። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ሉድቪግ ሮዜሊዩስ የተባለ ጀርመናዊ ነጋዴ ካፌይኑን ከፍሬው የሚያስወግድበትን ዘዴ አግኝቶ ለንግድ አዋለው። ይህ ግን የሰው እጅ ሥራ ነው፤ ዐረቢካ የተባለው ቡና በገዛ ተፈጥሮው ካፌይኑን ከሞላ ጎደል ትቶ ይበቅላል ብሎ ለመናገር የሚደፍር ጥቂት ነበር።

በ1964 እና በ1965 የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት የላካቸው ባለሙያዎች በኢትዮጵያ እየተዘዋወሩ የቡና ዘር ሰበሰቡ። ከዘሩም ባሕር ተሻግሮ በኋላ በብራዚል የተተከለ ነበር። አርባ ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ፣ በ2004፣ የብራዚል ሊቃውንት ከዚያ ዘር ከበቀሉት ብዙ ዛፎች መካከል በሦስቱ የተገኘው ካፌይን ከተለመደው አንድ ዐሥረኛውን እንኳ እንደማያህል «ኔቸር» በተባለው መጽሔት አስታወቁ። (ዘሩ የኢትዮጵያ ሲሆን ጥቅሙ የማን ይሁን የሚል ክርክርም በዚያን ጊዜ ተነሥቷል፤ ያ ለብቻው ሊጻፍበት የሚገባ ነገር ነው።) ዛፎቹ ቡና ናቸው። ቡናን ቡና የሚያሰኘው ዛፉና ዘሩ፣ የትውልዱም ሐረግ ነው እንጂ እንቅልፍ ማባረሩ አይደለምና። ካፌይን በቡና ውስጥ መኖሩን ሰው ያወቀው ፈትኖ ነው እንጂ የቡናን ትርጓሜ በመመርመር አይደለም፤ ፈትኖ ያወቀውን ደግሞ ሌላ ፈተና ሊያሻሽለው ይችላል። «እንቅልፍ የማያባርር ቡና ቡና አይባልም» ብሎ የሚከራከር ሰው ቢገኝ መብቱ ነው፤ ነገር ግን የሚከራከረው ከቃሉ ጋራ እንጂ ከዛፉ ጋራ አይደለም። ዛፉ ክርክሩን ሳይሰማ ማፍራቱን ይቀጥላል።

ይህ የትርጓሜ ነገር ወደ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ያደርሰናል። በከተማ ካሉት የተማሩ ሰዎች መካከል «ድንግልም እናትም» የሚለውን ሃይማኖታችንን ሲሰሙ «ይህስ ከራሱ ቁመት እንደሚረዝም ዛፍ ነው» የሚሉ አይጠፉም። መልሱ ቀደም ብሎ በድልድዩና በቡናው የተሰጠው ነው። ድንግል ማለት ወንድ ያላወቀች ማለት ነው፤ ያልወለደች ማለት አይደለም። ወንድ ያላወቀች ሴት የማትወልድ መሆኗን የምናውቀው የፍጥረትን ሥርዓት አይተን ነው እንጂ ድንግል የሚለውን ቃል ፈትተን አይደለም። ስለዚህ ነገሩ ለሰው ከማይቻለው ወገን ነው፤ ከማይሆነው ወገን ግን አይደለም። መልአኩም ለእግዚአብሔር የሚሳነው እንደሌለ ለእመቤታችን ሲነግራት የተናገረው ስለዚህ ስለ ኋለኛው ወገን ነው፤ ማስረጃ አድርጎ የጠቀሰላት የኤልሳቤጥን በእርጅና መፅነስ መሆኑ ይህን ያሳያል።

የምሥጢረ ሥላሴም ነገር እንዲሁ ነው። «አንድም ሦስትም» የሚለው እርስ በርሱ የሚፋረሰው አንድ በተባለበት በዚያው ነገር ሦስት የተባለ እንደ ሆነ ነው። የጽርኡ ፈላስፋ አርስጣጣሊስ አንድ ነገር በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ወገንም፣ ሆነም አልሆነምም ሊባል እንደማይገባው ሲያስተምር «በአንድ ወገን» የሚለውን የጨመረው በከንቱ አይደለም። አባቶቻችን በአካል፣ በስም፣ በግብር ሦስት፤ በባሕርይ፣ በመለኮት አንድ ብለው ወገኑን ለይተው አስተምረዋል። መምህራን ለምሳሌ የሚያመጡት የፀሐይ ክበብ፣ ብርሃንና ሙቀት አንዳንድ ሰው እንደሚመስለው ምሥጢሩን የሚያስረዳ ማስረጃ አይደለም። ምሳሌው የሚሠራው ሥራ አንድ ብቻ ነው፤ አንድነትና ሦስትነት ወገናቸው ከተለየ በአንድ ነገር ላይ ሳይፋረሱ ሊገኙ እንደሚችሉ ያሳያል። ከአእምሮ በላይ የሆነና ከአእምሮ ጋራ የሚጣላ ለየቅል ናቸው፤ ይህን ባለመለየት ምእመኑን «አትመርምር» ብሎ ዝም የሚያሰኝ መምህር ሃይማኖቱን የጠበቀ ቢመስለውም ተጠራጣሪው የተናገረውን እንደ ተቀበለ ይቈጠርበታል።

ነገር ግን ከዚህ አልፎ የሚጠይቅ አለ። እግዚአብሔር የማይሆነውን ሊያደርግ ይችላልን? ተማሪዎች እርስ በርሳቸው «ሊያነሣው የማይችለውን ድንጋይ ሊፈጥር ይችላልን?» እያሉ የሚጠያየቁት ይህንኑ ነው። በ1274 ያረፈው የላቲኖች ሊቅ ቶማስ ዘአኵይኖስ፣ እንዲህ ያለውን ነገር እግዚአብሔር ሊያደርገው አይችልም ከማለት ይልቅ ነገሩ ሊደረግ የሚችል አይደለም ማለት ይሻላል ብሎ መለሰ። ጥሩ መልስ ነው። «ሁሉን የሚችለው ሊያነሣው የማይችለው ድንጋይ» የሚለው ቃል የድንጋይ ስም አይደለም፤ ስም መስሎ የቆመ ባዶ ድምፅ ነው። ባዶ ድምፅን አለማድረግም ከኃይል የሚያጐድለው ነገር የለም። ፈረንሳዊው ፈላስፋ ደካርት ግን በ1630 በጻፋቸው ደብዳቤዎች እግዚአብሔር የሒሳብን እውነቶች እንኳ እንደ ፍጥረት ሁሉ በፈቃዱ እንዳቆማቸው ገለጠ። ይህ አክብሮት ይመስላል። ዋጋው ግን ከባድ ነው። የሚፋረሰው ነገር ሊሆን የሚችል ከሆነ፣ እግዚአብሔር ቃል ኪዳኑን ጠበቀ ማለትና አልጠበቀም ማለት በአንድነት እውነት ሊሆኑ ይችላሉ፤ እንግዲህ ተስፋችን በምን ላይ ይቆማል? ጳውሎስ ለቲቶና ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ እግዚአብሔር እንደማይዋሽ፣ ራሱንም ሊክድ እንደማይችል የተናገረው ኃይሉን ለማሳነስ አይደለም፤ የምናምነው ሊታመን የሚቻል መሆኑን ለመንገር ነው።

እዚህ ላይ ስለ ቃሉ ጥቂት ማለት ይገባል። በግእዝ ጸሎተ ሃይማኖት የተጻፈው አኃዜ ኵሉ የሚል ነው፤ ሁሉን የያዘ ማለት ነው። በአማርኛ ግን ሁሉን ቻይ ማለት ለምደናል። «ቻለ» ደግሞ በአማርኛ ኃይል አገኘ ማለት ብቻ አይደለም፤ ታገሠ፣ ተሸከመ ማለትም ነው፤ መከራን የታገሠ ሰው ቻለው ይባላል፤ ትዕግሥተኛውም ቻይ ይባላል። ይህ የቋንቋ አጋጣሚ ነው እንጂ ትምህርት አይደለም፤ ሆኖም ሁሉን ቻይነት ማለት የፈለጉትን ቃል ሁሉ ማድረግ ማለት ብቻ ለሚመስለው ሰው ጥቂት ያሳስበው ይሆናል።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። አንድ ነገር የማይሆን አይደለም ማለት ሆኗል ማለት አይደለም። ፍየሎቹ የቡና ፍሬ በልተው ሲጨፍሩ አይቶ ቡናን ስላገኘው ስለ እረኛው ስለ ካልዲ የሚነገረው ታሪክ ምንም የሚፋረስ ነገር የለበትም፤ የተፈጥሮን ሥርዓትም አይጥስም። ነገር ግን ታሪኩ በመጽሐፍ ታትሞ የወጣው በ1671 በሮም ፋውስቶ ናይሮኒ በጻፈው ነው፤ ቡና ግን ከዚያ አስቀድሞ ብዙ ዘመን ሲጠጣ ኖሯል። ሊሆን መቻሉ አልተጠረጠረም፤ መሆኑን የሚያስረግጥ ምስክር ግን የለውም። ስለ ተአምርም ሲነገር ይህን ሚዛን መያዝ ይገባል። እግዚአብሔር ሊያደርገው ይችላል የሚለው ቃል በየገበያው የሚወራውን ሁሉ አያጸናውም፤ ምስክሩ ማነው ተብሎ መጠየቅ አለበት።

የማይሆነው ነገር ከሎጂክ ትምህርት ቤት ወጥቶ በሰው ሕይወት ላይ ክብደቱ የሚታወቀው ስላለፈ ነገር ሲነሣ ነው። አርስጣጣሊስ አጋቶን የተባለውን ባለ ቅኔ ጠቅሶ የሆነውን እንዳልሆነ ማድረግ ለአምላክ እንኳ እንደማይገኝ ጽፏል፤ ቅዱስ ሄሮኒሞስም ስለ ወደቀች ድንግል ይህንኑ የመሰለ ቃል ተናግሯል። በ1897 የከፋ መንግሥት በራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ተሸነፈ፤ ንጉሡ ጋኪ ሸሮቾም ተማርከው ወደ ሸዋ ተወሰዱ። ዘውዱ በአገሩ ካለ መንግሥቱ ይመለሳል የሚል እምነት በሕዝቡ ዘንድ ስለ ነበረ፣ ዐፄ ምኒልክ በአማካሪያቸው በስዊሱ ተወላጅ በአልፍሬድ ኢልግ እጅ ዘውዱን ወደ ስዊስ አገር አሻገሩት ይባላል። በ1954 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስዊስን በጐበኙ ጊዜ ዘውዱ ተመለሰ። ዘውድን መመለስ የሚቻል ነገር ነው፤ ተመልሷልም። ዘውዱ እንዳልተወሰደ ማድረግ፣ በዚያ ጦርነት የሞተው ሰው እንዳልሞተ ማድረግ ግን ለማንም የሚሆን አይደለም። ንስሐ የሚሰጥ ካህንም ይህን ያውቃል። ይቅርታ በደሉን እንዳልተደረገ አያደርገውም፤ ይቅር የሚባለው በእውነት ተደርጎ የነበረው ነውና። «እንርሳው፤ እንዳልነበረ እንቍጠረው» የሚለው የእርቅ ቃላችን በልማድ ቢወደድም፣ ከተጐዳው ሰው የሚፈልገው የማይሆነውን ነው፤ ሊሰጥ የሚችለው ካሳና ምሕረት ሲኖር የማይሆነውን መጠየቅ ብዙ ጊዜ ከሚሆነው ማምለጫ ነው።

አሁን ወደ ሽማግሌው እንመለስ። በከፋ ምድር ማንጆ የሚባሉ ወገኖች አሉ። ቋንቋቸው የከፋ ቋንቋ ነው፤ ኑሮአቸው ከጥንት ጀምሮ ከደኑ ጋራ የተያያዘ ሆኖ በአደን፣ በኋላም እንጨትና ከሰል ለገበያ በማቅረብ ይታወቃሉ። ከሌላው ከፋ ጋራ ግን በአንድ ማዕድ እንዳይቀርቡ፣ ወደ ቤቱ እንዳይገቡ፣ በጋብቻም እንዳይገናኙ ተደርጎ ብዙ ዘመን ኖሯል። ይህ ልማድ ዛሬ በየስፍራው ላልቷል እንጂ ፈጽሞ አልጠፋም፤ በጋብቻ ነገር በተለይ ጸንቶ ይገኛል። «ከማንጆ ጋራ መጋባት አይቻልም» ይባላል። ይህ የትኛው «አይቻልም» ነው? ከራሱ ቁመት እንደሚረዝም ዛፍ አይደለም፤ ቃሉን ሁሉም ይረዳዋል፤ የሚፈራውም ስለሚረዳው ነው። በራስ ዳሸን ጫፍ እንዳለ ቡናም አይደለም፤ ወንዱም ሴቲቱም ሰው ናቸው፤ ልጅም ይወልዳሉ፤ የተፈጥሮ ሥርዓት ምንም ክርክር የለውም። የዳኛውም «አይቻልም» አይደለም፤ በ1995 የጸናው ሕገ መንግሥት በ25ኛው አንቀጽ ሰዎችን ሁሉ በሕግ ፊት እኩል አድርጓልና። የቀረው ልማድ ብቻ ነው። ልማድ ግን «እኔ ልማድ ነኝ» ብሎ አይቀርብም፤ የመምህሩንና የወንዙን ልብስ ተውሶ ይመጣል።

ምክንያቱ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ የታወቀ ነው፤ ማንጆዎች የጉሬዛና የከርከሮ ሥጋ፣ ርኩስ የተባለውንም ሥጋ ይበላሉ ይባላል። ይህን መልስ በሎጂክ ሚዛን እናስቀምጠው። የመለየቱ ምክንያት መብሉ ከሆነ፣ መብሉን የተወ ሰው ከመለየት ነጻ ሊወጣ ይገባው ነበር። ከማንጆዎች ይህን መብል የተዉ ብዙዎች ናቸው፤ የተጠመቁም ብዙዎች ናቸው፤ መለየቱ ግን ከመብሉ ጋራ አብሮ አልቀረላቸውም። ስለዚህ መብሉ ምክንያት አልነበረም፤ ምክንያት መስሎ የቆመ ነገር ነበር። ይህን ለማወቅ የፈላስፋ መጽሐፍ አያስፈልግም፤ መልሱን የሰጠው ሰው ራሱ በሰጠው መልስ ይያዛል።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን ልማዱን የሚጠብቀው ሰው ክርስቲያን ሲሆን የሚደርስበት ነገር ነው። እርሱ በየዕለቱ አንዲቱን ጥምቀት እንደሚያምን ይናገራል፤ የተጠመቁት ሁሉ በክርስቶስ አንድ አካል እንደ ሆኑም ያምናል፤ ጎረቤቱ ማንጆ መጠመቁን ያውቃል፤ ምናልባት በዚያው በዓል ከእርሱ ጋራ አስቀድሷል። ይህን ሰው አብሮት ሊበላ የማይገባው፣ ከእርሱ አካል ያልሆነ ነው ብሎ በልቡ የያዘ እንደ ሆነ፣ የያዘው ከባድ ነገር ወይም አስቸጋሪ ነገር አይደለም፤ ከራሱ ቁመት የሚረዝመውን ዛፍ ነው። ከማንጆ ጋራ መጋባት የማይሆን መስሎት የኖረው ነገር የሚሆን ነው፤ የማይሆነው ሁለቱን እምነቶች በአንድ ልብ ይዞ መኖሩ ነው። ሎጂክ ከሁለቱ አንዱን ትተው ዘንድ ግድ ነው ይለዋል፤ የትኛውን እንደሚተው ግን ሎጂክ አያዝዘውም፤ ያ የእርሱ የራሱ ምርጫ ነው።

እንግዲህ ያ ጎረቤቱ ለልጁ ሚስት ለመጠየቅ ሽማግሌ በላከበት ቀን ብዙ ነገር ሊመልስ ይችላል። ልጅቱ አልወደደችም ሊል ይችላል፤ ትምህርቷን ትጨርስ ሊል ይችላል፤ የልጁን ጠባይ አላውቀውም፣ ጊዜ ስጡኝ ሊል ይችላል። ከዘመድ ፍርሀት የተነሣ «አልፈቅድም» ብሎ ሊመልሳቸውም ይችላል፤ ይህን ያለ እንደ ሆነ ሽማግሌዎቹ ስለ ፈቃዱ ሊመክሩት፣ ሌላ ጊዜም ተመልሰው ሊመጡ መንገድ አላቸው። «አይቻልም» ያላቸው እንደ ሆነ ግን ከደጁ ሳይነሡ «ማን ከለከለህ?» ብለው ሊጠይቁት ይገባል።